በካሊ ሲሮጥ የኖረ ድምፄ

ብሮንክስ፣ ማርች 9 ቀን 2004

ለኤሊዮዶሮ ካይሴዶ፣ ካሊ

ከማላውቀው ሰው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከማውቀውም ብዙ ደርሶኝ አያውቅም። ጤንነቴን ስለጠየቅህ አመሰግናለሁ። ጉልበቴን ካላነሳን ደህና ነኝ፤ ካነሳነው ግን ወረቀቱ አይበቃንም። አንተ ያልኩህ በዕድሜ ስለምበልጥህ ነው። ቅር ካለህ ጻፍልኝ፣ አስብበታለሁ።

ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ ለሕፃናት በተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ስልክ አልወድም። ይህን ያህል የደከምኩበትን ነገር ልጠቀምበት እንጂ።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ የሞንቺን ሮሳዶን ባንድ አውቀዋለሁ። በ1970 አንድ ሸክላ ብቻ አሳትሞ ተበተነ። እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ እንኳ ያንን ሸክላ የሚያስታውስ የለም፤ እናንተ ጋ ሰው ይጨፍርበታል ስትለኝ አላመንኩህም። አዎ፣ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበርኩ። «ሁለተኛውን ዘፈን የዘፈነችውን ልጅ ያውቋት ይሆን?» ላልከው ግን መልሴ አጭር ነው። ልጅ የሚባል ነገር እዚያ ስቱዲዮ ደጃፍ አልደረሰም። የዘፈንኩት እኔ ነኝ።

ሽፋኑ ላይ የቼንቾ አሊሴያ ስም እንዳለ አውቃለሁ። የባንዱ ዘፋኝ እሱ ነበር። የዚያን ቀን ግን ድምፁ ተዘግቶ መጣ፤ አፉን ሲከፍት ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ ይል ነበር። ስቱዲዮው የተከራየው ለዚያች ቀን ብቻ ነው፤ ከሚቀዱት ውስጥ ግጥም ያለው ደግሞ ያ ሁለተኛው ዘፈን ብቻ ነበር። ለተቀባይ ሥራ ስላልነበር እኔ ቤቴ ነበርኩ፤ ቤቴ ደግሞ ያኔ ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ነበር። ሞንቺን መንገድ ላይ ቆሞ ወደ መስኮቴ ጮኸ። «ቪሄ! ውረጂ! እንደቆምሽ ውረጂ!» ወረድኩ። አንድ ጊዜ ዘፈንኩት። በቃ፣ ያው ታተመ።

ሸክላው ሲወጣ ሞንቺን አንድ ሰጠኝ። «ስሜ አለበት?» አልኩት። ጣቱን ከሽፋኑ ጀርባ ታች አሳርፎ «ይኸውልሽ» አለኝ። ሸክላው ቤት ስንቀይር ተሰበረ፤ ሽፋኑን ግን ጀርባውን ወደ ሰው አድርጌ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣቴን እዚያችው ቦታ ላይ አድርጌ «ይቺ እኔ ነኝ» እል ነበር። እንግዶቹ ማንበብ ይችሉ ነበር። አንዳቸውም ምንም አላሉኝም። «ጎበዝ ቪሄ!» ብለው ብርጭቋቸውን ያነሱ ነበር። ፊደል ስለይ መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። ያን ሁሉ ዘመን የጠቆምኩት የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ኖሯል።

ከእነዚያ እንግዶች ጋር ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ሰላም እንባባላለን። ሰላምታው ግን ከአንገት በላይ ነው።

ገብቶህ ከሆነ ልጅቷን መፈለግህን ተው።

ኤዱቪሄስ ሲንትሮን


ካሊ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 2004

ውድ ዶኛ ቪሄ፣

በመጀመሪያ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ስልክ እንደማይወዱ ጽፈውልኝ እያለ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግርዎ «ፖስታ ቤት የለም እንዴ እናንተ አገር?» ብለው ከዘጉብኝ በኋላ ጆሮዬ ሲጮህ ዋለ። የደወልኩት ድምፅዎን ለመስማት ነው። እውነቱን ልጻፍ? ተስፋ ቆረጥኩ። የእርስዎ ድምፅ ወፍራም ነው። እናቴ ዶኛ አምፓሮ ጆሮዋን ከስልኩ ላይ ለጥፋ ትሰማ ነበርና «ይቺማ ሴት አይደለችም፣ ወደብ የምትገባ መርከብ ናት» አለች። አይቀየሟት፤ ለሁሉም ሰው እንዲህ ናት።

የእኛ ልጅ ድምፅ ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው። ዕድሜዋ ቢበዛ አሥራ ሦስት ቢሆን ነው። እዚህ ሰፈራችን ባሪዮ ኦብሬሮ ውስጥ ሁላችንም «ልጅቷ» እንላታለን። አባቴ ሸክላውን ቡዌናቬንቱራ ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ገዝቶ ነው ያመጣው፤ ሌላ ቅጂ እስካሁን አላየንም። የሞንቺን ልጅ ነበረች፣ በትኩሳት ሞተች ይባላል። በየዲሴምበሩ ፌስታችን ሲከፈት ከመጀመሪያው ብርጭቆ መሬት ላይ ጠብ የምናደርገው ለእሷ ነው። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ወፍ የሚመስል ነገር ይንጫጫል፤ እዚያች ላይ የሚዘለል ዝላይ አለ፣ ስሙም «ወፏ» ነው። እናቴ በወጣትነቷ «ወፏ»ን ስትዘል እግሯ መሬት አይነካም ነበር ይላሉ። የሚሉት እሷ ባለችበት ነው።

አሁን የሸክላ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን ይህን ሸክላ እንደገና ሊያሳትመው ነው። የሽፋኑ ጽሑፍ በኦክቶበር መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል። እስከዚያ የልጅቷን ስም ካላገኘን እንደ ድሮው «ዘፋኝ፦ ቼንቾ አሊሴያ» ተብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያርመዋል? ይህን ሳስብ እህል አይወርድልኝም። ዶኛ ቪሄ፣ ደፍሬ ልጠይቅዎት፦ ከዘመኑ ብዛት ከሌላ ዘፈን ጋር ተምታቶብዎ ይሆን?

ቤታችንን ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር። ሸክላ ማጫወቻው ዛሬም የአባቴ ነው። አንድ ሰካራም ፍጥነቱን ቀንሶ ጭፈራውን እንዳያበላሽበት ብሎ መቀየሪያውን በደቂቃ አርባ አምስት ዙር ላይ በሙጫ አጣብቆት ነው የሞተው። እኛ ካሊዎች ዝግ ያለ ነገር አይሆንልንም።

የሚያከብርዎ፣
ኤሊዮዶሮ


ብሮንክስ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2004

ኤሊዮዶሮ፣

ሰላምታውን በሌላ ጊዜ። አርባ አምስት?

የዚያ መጠን ሸክላ እኮ በሠላሳ ሦስት ነው የሚዞረው! አባትህን ነፍሱን ይማር፣ ግን ምን አደረገኝ!

ደብዳቤህን ከመጀመሪያው ነው ልቀደው የከጀልኩት። መርከብ! ለእናትህ ንገራት፣ መርከቧ ስትመጣ ወደቡን ጠርጋ ትጠብቅ። «ተምታቶብዎ ይሆን» የምትለው ላይ ስደርስማ ቀደድኩት። የሙጫውን ወሬ ያነበብኩት ከወለል ላይ ካነሳሁት ቁራጭ ነው።

ጉልበቴን ረስቼ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የሕንፃችን ጠባቂ ኮንፌሶር ሸክላ ማጫወቻ አለው።

«ኮንፌሶር፣ የሠላሳ ሦስቱን ሸክላ በአርባ አምስት ብታስሮጠው ምን ይሆናል?» አልኩት።

«ምነው ዶኛ ቪሄ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አስሩጠው አልኩህ!»

የሚወደውን ቦሌሮ፣ ያንን ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን፣ አደረገ። ዘፋኙ ጢማም፣ ደረቱ እንደ በርሜል የሆነ ሰውዬ ነው፤ ሽፋኑ ላይ አይቼዋለሁ። ኮንፌሶር መቀየሪያውን ገፋው። ጢማሙ ሰውዬ የተቆነጠጠ ሕፃን ሆኖ ቁጭ አለ! ኮንፌሶር በሳቅ ሞተ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ እስቅ ይሁን አለቅስ እስካሁን አላወቅሁም።

ልጅቷ እኔ ነኝ። አልሞትኩም። ትኩሳትም የለብኝም። መሬት ላይ ያፈሰሳችሁትን መጠጥ ሁሉ ሳስበው ግን ያቃጥለኛል፤ አንዷን እንኳ ብቀምስ ምን ነበር?

አሁን የምልህን በደንብ አድርገህ አድርግ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ የታሸገች ፖስታ አለች። አትክፈታት። መጀመሪያ ሸክላውን በሠላሳ ሦስት አዙረው፤ ሙጫውን በጥርስህም ቢሆን ፈልቅቀው። እናትህ አጠገብህ ትቀመጥ፤ ምላሷን የሚፈራ ምስክር አይዋሽም። ያ ወፍ የምትሉት ነገር ወፍ አይደለም። እኔ ነኝ የምናገረው። ዘፈኑ ያለቀ መስሎኝ የተናገርኩትን ሞንቺን ሳይቆርጠው ቀረ። የሰማችሁትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ፖስታዋን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ደብዳቤ ይህን ያህል ቀን መንገድ ላይ መቆየቱ ዛሬ ነው የገባኝ። ፍጠን።

ቪሄ


ካሊ፣ ሜይ 30 ቀን 2004

ዶኛ ቪሄ! ዶኛ ቪሄ!

ከየት እንደምጀምር ቸግሮኛል። እጄ ላይ ፋሻ አለ፤ ሙጫው የዋዛ አልነበረም። በቢላ ስፈለቅቀው እናቴ «የአባትህን አጥንት እየፋቅህ ነው!» እያለች በመጥረጊያ ጀርባዬን ትመታኝ ነበር። መቀየሪያው ጧ ብሎ ሲላቀቅ መጥረጊያውን ጣለች።

ሸክላውን አደረግሁት። መጀመሪያ የገባው መለከት ነው፤ እንደ ሰካራም እየተጎተተ። «አጥፋው!» አለች እናቴ። «ቀብር ላይ ነው እንዴ ያለነው?» እኔም ላጠፋው ነበር፣ እውነቴን ነው። ያን ጊዜ እርስዎ ገቡ።

ዶኛ ቪሄ፣ በስልክ የሰደበኝ ድምፅ ነው! ያው ወፍራሙ፣ ያው የማይቸኩለው። ስንት ዘመን ስንሰማው በኖርነው ዘፈን ውስጥ የማናውቃቸው ቤቶችና መንገዶች ነበሩ። የኮንጋው ከበሮ በእርስዎና በመለከቱ መሃል ትንፋሽ ወስዶ ይጠብቃል፤ እኛ ያንን ትንፋሽ አናውቀውም ነበር። አንዷን ቃል ጎትተው ጎትተው ልትበጠስ ስትል የሚለቋት ቦታ አለች፤ እዚያ ላይ እናቴ እጄን ያዘች። ፋሻ ያለበትን እጄን፣ አጥብቃ።

ከዚያ ወፏ መጣች። እኔ ከመናገሬ በፊት እናቴ ነች የጮኸችው፦ «ሞንቺን፣ አለቀ? ልሂድ በቃ፣ ሩዜን እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት!»

ፖስታዋን ከፈትኩ። «ሞንቺን፣ አለቀ? ልሂድ በቃ፣ ሩዜን እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።» በዚያ በእጅዎ ጽሑፍ፣ ፊደሉ እያንዳንዱ እንደ ወንበር ተደልድሎ።

እናቴ «በሰው ሩዝ ነው እንዴ ስዘል የኖርኩት?» አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰፈሩን ሁሉ ጠራች። ሱቁን ዘግቶ የመጣ አለ፣ ጢሙን ግማሽ ተላጭቶ የመጣ አለ። በቀስታው እንዴት እንደሚጨፈር ማንም አያውቅም፤ ቆመው ነው የሰሙዎት። በደስታ አብጃለሁ!

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ይህን ቀን አላበላሽበትም፤ ነገ ተረጋግቼ እጽፍልዎታለሁ።

ኤሊዮዶሮ

እናቴ እንዲህ ጻፍ አለችኝ፦ ወደቡ ተጠርጓል።


ብሮንክስ፣ ጁላይ 2 ቀን 2004

ልጄ ኤሊዮዶሮ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ በአንድ ቀን ደረሱኝ። እግዜር ይስጥህ፣ የቱን መጀመሪያ እንደምከፍት ባላውቅም ደስ የሚለው ቀደመ። ኮንፌሶር ሦስት ጊዜ አንብቦልኛል፤ ራሴ ማንበብ አቅቶኝ ሳይሆን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲለው መስማት ፈልጌ ነው።

የሁለተኛውን ነገር ግን ከመጀመሪያው ልትነግረኝ ይገባ ነበር። የቼንቾ ልጅ ኒልሳ እንደ ወራሹ ለኅትመቱ የፈረመችው የአባቷ ስም በዘፋኝነት እንዲቆይ ብላ ከሆነ፣ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ በተቆለፈ በር ላይ ሳንኳኳ ነበር ማለት ነው። ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ግማሹን።

የማኅበሩ ሰዎች «ሴትዮዋ ሸክላውን በትክክለኛው ፍጥነት ሌላ ቦታ ሰምታ ሊሆን ይችላል» ማለታቸው አያስቀይመኝም። እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር። የሰው አፍ ሁልጊዜ በእኔ ላይ ሲጠነቀቅ አይቼዋለሁ፤ ዝም ማለት ሲሻለው ብቻ ነው ደግ የሚሆነው።

ለኒልሳ እጽፍላት እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አልጽፍላትም። ቼንቾ እስኪሞት ድረስ እኔን ሲያይ ወዲያኛው የእግረኛ መንገድ ይሻገር ነበር። ልጁ ምን አጠፋች? አባቷን እየሰደብኩ የምጀምረው ደብዳቤ አይነበብም፣ ሳልሰድብ የምጀምረው ደግሞ አይጻፍልኝም። አንተ ግን ዘፈኑን በቀስታው ቀድተህ በካሴት ላክላት። እስከ መጨረሻው እንድትሰማው ለምናት። ከዚያ «ሩዙ ምን ሆነ?» ብለህ ጠይቃት። ሌላ ምንም አትጨምር።

እስከ ኦክቶበር ብዙ ቀን የለም። ልቤ ልክ እንደ አባትህ ማጫወቻ ነው የሚዞረው።

ቪሄ


ካሊ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2004

ውድ ዶኛ ቪሄ፣

ተቀመጡ። ተቀምጠዋል? የኒልሳን መልስ ቃል በቃል እገለብጥልዎታለሁ።

«ዶን ኤሊዮዶሮ፣ ካሴቱ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ሰምቼው አስቀመጥኩት፤ ዳግመኛ ለመስማት ፈራሁ። የቆየሁት ለዚህ ነው። አባቴ በየገናው አንድ ወሬ ነበረው። በሕይወቱ የበላው ጣፋጭ ሩዝ ያረረ ሩዝ መሆኑን፣ የሞንቺንን ሸክላ የቀዱ ዕለት ባንዱ በሙሉ ተያይዞ የአንዲት ጎረቤት ቤት ወጥቶ የድስቱን ቂጥ እየፋቀ መብላቱን ያወራልን ነበር። ‹ለምን አረረ?› ስንለው ወሬ ይቀይራል። እናታችን ብትጠይቀውም ይቀይራል። አሁን ለምን እንዳረረ አወቅሁ። እኔ የአባቴን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ይህ የእሱ አይደለም። ያመኑበትን ጻፉ። ሴትዮዋ በሕይወት ካሉ ድስቱን ማን እንዳጠበው ጠይቁልኝ፤ አባቴ እንዳልሆነ እገምታለሁ።»

ማኅበሩ ውስጥ ሳነበው አንድም ሰው አልተከራከረኝም። ከሁሉ ይበልጥ ሲጠራጠር የነበረው ሰው ተነስቶ ቀጣዩን የስብሰባ ነጥብ ሲጠይቅ እናቴ «ቀጣዩ ነጥብ ይቅርታ ነው» አለችው። እሷ የማኅበሩ አባል እንኳ አይደለችም።

የሙከራ ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሽፋኑ ላይ ምን እንዲጻፍ ይፈልጋሉ? ስለ ቼንቾ ምን እናድርግ? ሸክላው በስንት ይዙር? ሦስቱን መልስ በቴሌግራምም ቢሆን ይላኩልኝ፤ ዝርዝሩን በኋላ ይጽፉታል። ለዲሴምበሩ ፌስታ ጨፋሪዎቹ የአውሮፕላን ትኬትዎን አዋጥተው ገዝተዋል። አልመጣም እንዳይሉ፤ እናቴ ጉልበትዎን ታሽልዎታለች። እጇ ከምላሷ ይለሰልሳል።

ኤሊዮዶሮ


ብሮንክስ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2004

ልጄ፣

ቴሌግራሙ እንደደረሰህ ሰምቻለሁ። እዚያ ላይ ቃል በገንዘብ ስለሆነ አጠርኩት፤ አሁን በነፃው ልዘርዝርልህ።

ድስቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ለኒልሳ ንገራት። በአሸዋ ነው የፈተግሁት፣ ቼንቾም ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ዛሬ፣ ያን ቀን ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ምን ይለኝ ነበር እያልኩ አስባለሁ። በማግስቱ ድምፁ ተመለሰለት፤ ያኔ ደግሞ መንገድ መሻገር ጀመረ።

ስሙን አውጡት ያላልኩህ ለዚህ አይደለም፣ ደግ ሆነች ብለህ እንዳታስወራ። የዚያን ቀን ባዶ እጁን ከሚቆም ብለው ማራካ የሚሉትን የሚንሿሿ መሣሪያ ሰጥተውት ነበር፣ ደህና አድርጎም ነቀነቀው። ስለዚህ «ዘፋኝ፦ ኤዱቪሄስ ሲንትሮን»፣ ቀጥሎ «ማራካ፦ ቼንቾ አሊሴያ» ይሁን ያልኩህ ስሜ ስር ሲቀመጥ ማየት ስለምፈልግ ነው። እሱ የሠራኝን ብሠራበት ኖሮ ይህን ደስታ አላገኘውም ነበር።

የላክኸውን ቅጂ ኮንፌሶር ጋ ሰማሁት። ድምፄን ከሰማሁት ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ያንን ቃል የምጎትትበት ቦታ እውነትም አለ፤ የት ተምሬው ይሆን? ከዚያ «አስሩጠው» አልኩት። ልጅቷ መጣች። እንዴት ያለች ቀልጣፋ ናት! አፏ እንደ ወንፊት ጠጠር ይንኳኳል፣ ምንም አትፈራም፣ ማንም ስሟን ቢጽፍ ባይጽፍ ደንታ የላትም። ወፏ ስትደርስ የእናትህን ዝላይ ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። ኮንፌሶር «ዶኛ ቪሄ፣ ኧረ ይተዉ!» ሲል እግሬ መሬት ለቀቀ። ብዙ አይደለም፣ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል። ግን ለቀቀ!

ስለዚህ ሸክላው ላይ ሠላሳ ሦስት ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። የአባትህን ማጫወቻ ግን መልሰህ አርባ አምስት ላይ አጣብቀው። ለእኔ ሌላ ማጫወቻ ፈልግ። ልጅቷን ከቤቷ አላስወጣትም፤ ስለ እኔ ስትሮጥ ኖራለች። ጠብታዋንም እንደ ልማዳችሁ መሬት ላይ አድርጉላት፤ ብርጭቆው ግን ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ይዙር።

የድሮውን ሽፋን ያኔ እንዳነበብኩት ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙሬው ነበር። ትናንት አወረድኩት። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲመጡ ባዶውን ሚስማር አይተው «ምን ነበር እዚያ?» አሉኝ። «አድራሻ» አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ዝምታ ይችሉበታል። በጃንዋሪ ስመለስ አዲሱን ሽፋን እዚያው እሰቅላለሁ። ጣቴን ግን አላነሳም፤ ራሳቸው ጮክ ብለው ያንብቡት።

ኤርፖርት ስትቀበለኝ ቀጭን ድምፅ እንዳትፈልግ። ለእናትህም ንገራት፣ እኔ በምደርስበት ቀን ሩዝ ትጣድ፤ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ዘፈኑ ተነስቶ ውረጂ የሚለኝ ሰው ከመጣ ግን እሳቱን ማንም እንዳይነካው። ይረር።

ቪሄ